«የብስክሌት ሌቦች» እና የአዳማ ተመልካች

አንድ የውጭ ፊልም ዘመን ተሻጋሪ የሚል ማዕረግ ስለተሰጠው ብቻ የኢትዮጵያ ተመልካች ሊያየው ይገባል ማለት አይቻልም። ማዕረጉን የሚሰጡት አብዛኛውን ጊዜ በሩቅ አገር ያሉ ሐያስያን ናቸው፤ ፍርዳቸውም ከዘመን ዘመን ይለዋወጣል። እ.ኤ.አ. በ1948 ለሕዝብ የቀረበው የጣሊያናዊው ዳይሬክተር የቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» በ1952 «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» የተባለው የእንግሊዝ መጽሔት ባሰባሰበው የሐያስያን ድምፅ አንደኛ ወጥቶ ነበር፤ በ2022 ግን ያ ስፍራ የሌላ ፊልም ሆኗል። ደረጃው ቢወርድም ፊልሙ አልተለወጠም። ስለዚህ አስፈላጊነቱ መመርመር ያለበት ከራሱ ከሥራው ነው።

ታሪኩ ቀላል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ አጥነት በበረታባት ሮማ አንቶኒዮ ሪቺ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ሥራው ብስክሌት ይጠይቃል፤ ብስክሌቱ ግን በመያዣ ተይዟል። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቿን አስይዛ ታስለቅቀዋለች። በመጀመሪያው የሥራ ቀን ብስክሌቱ ይሰረቃል። አባትና ትንሹ ልጁ ብሩኖ ከተማዋን ሲያስሱ ይውላሉ። በመጨረሻም አባት ተስፋ ቆርጦ የሰው ብስክሌት ሊሰርቅ ሲሞክር በልጁ ፊት ይያዛል።

ይህን ታሪክ የአዳማ ተመልካች ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። ወደ ጅቡቲ የሚወስደው መንገድና ሐዲድ በሚያልፍባት፣ የወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ጎረቤት በሆነችው በዚህች ከተማ ለጋሪ ነጂ ፈረሱ፣ ለባለባጃጅ ባጃጁ፣ ለሊስትሮ ሳጥኑ ምን እንደ ሆነ ማስረዳት አያሻም። ለባለጸጋው ተራ ዕቃ የሆነው ነገር ለድሃው የቤተሰቡ ቀለብና የራሱ ክብር ነው። ዴ ሲካ ይህን በንግግር አያትትም፤ ያሳያል። የማሪያን አንሶላዎች የተቀበለው የመያዣ ቤት ሠራተኛ ጥቅሉን ይዞ መደርደሪያውን ሽቅብ ይወጣል፤ መደርደሪያውም የሌሎች ቤተሰቦች አንሶላ ከታች እስከ ላይ ተከምሮበታል። የአንዲት ሴት ችግር በቅጽበት የከተማ ችግር ይሆናል። ስለ መደብ ብዙ ገጽ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ትዕይንት የሚማረው አለ።

ለከያንያንም ትምህርት አለው። ሪቺን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒ የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። አሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር ዴቪድ ሴልዝኒክ ኬሪ ግራንት የተባለው ታዋቂ ተዋናይ እንዲሠራው ቢጠይቅም ዴ ሲካ አልተቀበለም። መድረኩም የከተማዋ ጎዳና ነው። ኃይሌ ገሪማም እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እንዲሁ ሙያቸው ትወና ባልሆነ ሰዎች የተሠራ ነው። የገንዘብ ማነስ የእውነት ማነስ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በኢትዮጵያ ተመልካች ዘንድ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ፊልሙ ሲቀረጽ እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ተዘርፎ የተወሰደው ሐውልት በዚያችው ሮማ ቆሞ ነበር። ጣሊያን በ1947ቱ የሰላም ውል የዘረፈችውን ለመመለስ ግዴታ ብትገባም ሐውልቱ የተመለሰው በ2005 ነው። የአንድ ድሃ ብስክሌት የተሰረቀባት ከተማ የአንድ ሕዝብ ቅርስ ተሰርቆ የቆመባት ነበረች። ፊልሙ ስለዚህ አንዳች አይናገርም፤ ተመልካችም ዝምታውን ሳያስተውል ሊያልፍ አይገባም። ይሁን እንጂ ሪቺ ፋሺዝም በስሙ «ኢምፓየር» ሲያውጅለት ኖሮ በመጨረሻ የአልጋ አንሶላውን ያስያዘው ተራ ዜጋ ነው። ወራሪውን ሥርዓት ከሰፊው ሕዝብ ለይቶ ማየት በቃል ሲነገር ቀላል ነው፤ በወራሪው አገር ልጅ በብሩኖ እንባ ሲፈተን ግን እውነተኛ ይሆናል።

ፊልሙ መፍትሔ አያሳይም ተብሎ ይነቀፋል። እርግጥ ነው፤ ፖሊሱም፣ የሠራተኞቹ ስብሰባም፣ ጠንቋይዋም ብስክሌቱን አያስገኙም። በአንጻሩ የጣሊያን መንግሥት ባለሥልጣን ጁልዮ አንድሬዮቲ በ1952 «ኡምቤርቶ ዲ» የተባለውን የዴ ሲካን ሌላ ፊልም የአገርን ገመና ለባዕድ ያሳያል ሲል ወቅሷል። ሁለቱም ነቀፋዎች ኪነ ጥበብን ካላገባብ ያዝዛሉ። ችግርን በእውነት ማሳየት አገርን ማዋረድ አይደለም፤ መፍትሔ መፈለግም የፊልሙ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹ ግዴታ ነው።

የአስፈላጊነቱ መለኪያም እዚሁ ላይ ነው። ተመልካች ፊልሙን የሚጀምረው ሌባውን በመርገም ነው፤ ሲፈጽመው ግን ሌላ ሌባ እንዳይያዝ ይሳሳለታል። ባለ ብስክሌቱ ሪቺን ይለቀዋል፤ ብሩኖም የአባቱን እጅ ይይዛል፤ ሁለቱም በሕዝብ መካከል ይሰወራሉ። ፍርዱን የሰጠው ተመልካች ከራሱ ፍርድ ጋር ብቻውን ይቀራል። በመሆኑም ፊልሙ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ባሉ ትምህርት ቤቶችና የወጣቶች ማዕከላት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማብራሪያ ታጅቦ ቢታይ፣ ከዚያም ውይይት ቢደረግበት ይበጃል። የውይይቱም መነሻ «ፊልሙ ታላቅ ነውን?» የሚል ሳይሆን «በዚህች ከተማ ዛሬ ብስክሌቱ የተሰረቀበት ማን ነው?» የሚል ሊሆን ይገባል።