የአሮጌ ኮምፒዩተር ዋጋ ከጅማ ሲታይ

አሮጌ ኮምፒዩተር በውጭ አገር ሰብሳቢዎች ዘንድ ዋጋው እየናረ መሄዱን ሰምተው፥ «እንግዲያውስ እኛም ያለንን አከማችተን እናቆይ» የሚሉ ጓደኞች አሉን። አሳቡ ግማሽ እውነት ስለ ሆነ ልንመረምረው ወደድን።

በመጀመሪያ ስለ ዋጋው እንናገር። አፕል 1 የተባለው ኮምፒዩተር እ.ኤ.አ. በ1976 ሲወጣ የተሸጠው በ666 ዶላር ከ66 ሳንቲም ነበር፤ የተሠራውም 200 ያህል ብቻ ነው። ከእነዚህ አንዱ በ2014 በኒው ዮርክ ሐራጅ 905,000 ዶላር አወጣ፤ የገዛውም በአሜሪካ የሚገኘው የሄንሪ ፎርድ ሙዚየም ነው። ኮሞዶር 64 ግን በሚሊዮን የሚቆጠር ስለ ተሠራ ዋጋው ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እንግዲህ ዕቃውን የሚያስወድደው እርጅናው ብቻ ሳይሆን ጥቂትነቱ፥ አለመበላሸቱና የማን እንደ ነበረ መታወቁ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተከመረው ተራ ኮምፒዩተር ይህን አያሟላም፤ ስለዚህ በእርሱ እከብራለሁ ብሎ የሚያከማች ሰው በከንቱ ይደክማል።

ይሁን እንጂ «ዋጋ ከሌለው ለቆራሌው ይሰጥ» የሚሉትንም አንደግፍም። ቆራሌው የሚመዝነው ብረቱንና መዳቡን ነው፤ እኛን የሚያሳስበን ግን በውስጡ ያለው ጽሑፍ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች የየራሳቸው አሠራር ስለ ነበራቸው፥ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በዚያ ዘመን በፍሎፒ ዲስክ የተቀመጠ ጥናት ወይም መዝገብ ቢገኝ፥ ለማንበብ አስተማማኙ መንገድ የተጻፈበት ኮምፒዩተር ከነፕሮግራሙ ነው። ጊዜም አይጠብቀንም፤ ከአሮጌ ባትሪ የሚወጣው ፈሳሽ የውስጡን ሰሌዳ ይበላል፤ የጅማም እርጥበት ዲስኩን ያሻግታል።

ይህ ነገር ለጅማ አዲስ አይደለም። የቡና አገር ሰው ዋጋ ከሩቅ ገበያ እንደሚመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። የአጋሮና የሊሙ ቡና ግን ቢሸጥ በሚመጣው ዓመት ዛፉ እንደገና ያፈራል። ከወጥ እንጨት የተፈለፈለው አሮጌው የጅማ ባለ ሦስት እግር ወንበር እንዲህ አይደለም። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ የጥንት ዕቃ ነጋዴዎች «የጅማ ወንበር» እያሉ ይሸጡታል፤ ነገር ግን ማን እንደ ጠረበው፥ በማን ቤት እንደ ነበረ የሚናገር መዝገብ ብዙ ጊዜ አብሮት አይገኝም። ክብሩን ከዋጋው ስንማር ዕቃው ከደጃችን ወጥቶ ነበር።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ አጭር ነው። ኮሌጆች አሮጌ ኮምፒዩተሮችን ከማስወገዳቸው በፊት ከየዓይነቱ አንድ የሚሠራ ያስቀሩ፤ ባትሪውን አውጥተው በደረቅ ክፍል ያኑሩት፤ በዲስክ ያለውን ጽሑፍ ወደ ዩኒኮድ ያዛውሩ፤ ማን ምን እንደ ሠራበትም በመዝገብ ያስፍሩ። የቀረው በጥንቃቄ ፈትቶ ለሚለየው ይሰጥ እንጂ በሜዳ አይጣል፤ በአሮጌው ባለ ጀርባ ስክሪን መስተዋት ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት አለና።

ከዚህ የተለየ አሳብ ያላቸው መምህራንና ተማሪዎች በሚቀጥለው እትም ቢጽፉልን በደስታ እንቀበላለን።