ጥርስ የመሰለ ሙሌት

እናቴ ስትስቅ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ታስጠጋ ነበር፤ የፊት ጥርሷ ጥግ ተሸርፎ ጠቁሮ ነበርና። ዘንድሮ አስሞላችው። ሐኪሟ የበሰበሰውን ብቻ ጠርጋ አወጣች፤ ከጥርሷ ቀለም ጋር የሚሄደውን ሙሌት መረጠች። ቀጥላ ጥርሱን በአሲድ አሻከረችው፤ ማጣበቂያው የሚይዘው ሻካራውን ገጽ ነው። ይህን ዘዴ አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ማይክል ቦኖኮር በ1955 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገው። ከዚያ ሊጥ የመሰለው ሙሌት 2 ሚሊሜትር ያህል እየሆነ ተደራረበ፤ እያንዳንዱ ድርብ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት በሰከንዶች ውስጥ ጠነከረ። እኔን የሚያስደንቀኝ ውበቱ ብቻ አይደለም፤ ጤነኛውን የጥርስ ክፍል መቆጠቡ ነው። ለጉጠት ሊሰጥ የነበረ ጥርስ ዛሬ ቆሎ ይቆረጥማል! የተቦረቦረ ጥርስ ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ ሕመሙ ሥሩ ዘንድ ሳይደርስ አስሞሉት።