የተማረከው ጠባቂ

በለገሃር ባቡር ጣቢያ ፊት የቆመውን የይሁዳ አንበሳ እናስተውል። በቻይና ቤተ መንግሥትና ቤተ መቅደስ ደጃፍ ጥንድ ሆነው እንደሚቆሙት የድንጋይ አንበሶች ሁሉ ኃይልንና ጥበቃን ያመለክታል። ይሁን እንጂ ለ1923ቱ የዘውድ በዓል የቆመው ይህ ጠባቂ በፋሺስት ወራሪ ተነቅሎ ሮም ተወሰደ፤ የተመለሰውም በሰዎች ጥረት ነው።

ኢሳይያስ 46 ጣዖታትን የሚነቅፈው በዚሁ ነው፦ ራሳቸው ይማረካሉ፤ እግዚአብሔር ግን ሕዝቡን ይሸከማል። ሐውልቱ ቅርስ እንጂ ጣዖት ነው አልልም። ጥያቄዬ በየአዳራሻችን ስለምንሰቅለው የአንበሳ ሥዕል ነው። በራእይ 5 ዮሐንስ ስለ ይሁዳ አንበሳ ሰማ፤ ሲመለከት ያየው ግን እንደ ታረደ የቆመ በግ ነው። በጉን ትተን አንበሳውን ብቻ ስንሰቅል የምንሰብከው የማንን ኃይል ነው?