ቅጠሉን ገልብጦ ማየት

በባሌ ከጎባ ተነስቶ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሪራ የሚወርድ ፈንገስ አጥኚ ቀለምና ቅርጽ ቶሎ እንደሚያሳስቱ ያውቃል። ስለዚህ አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው፣ ይህ ፍጥረት መራቢያው የሆነውን ስፖር የሚያበጀው የት ነው? የሚል ነው። የምደባው ጥንታዊ መሠረት ይኸው ነው። ስፖሩ የት እንደሚበጅ ማወቅ በምን እንደሚዛመት ለመገመትም ሊረዳ ይችላል።

ከሪራ በላይ በአስታ ቅርንጫፎች ላይ የተንዠረገገው ግራጫማ ላይከን ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚኖሩበት ነው። ፈንገሱ ስፖሮቹን የሚቋጥረው በጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ በመሆኑ አስኮማይኮታ ይባላል። አብዛኞቹ የእንጀራ እርሾ ፈንገሶችና በሰነበተ እንጀራ ላይ የሚወጣው አረንጓዴ ሻጋታም ከዚሁ ወገን ናቸው። ጥጥ መስሎ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው የዳቦ ሻጋታ ግን ሙኮሮማይኮታ ነው፤ ስፖሮቹን በቀጫጭን ክሮች ጫፍ ባሉ ክብ ቋቶች ያጭቃል። ካይትሪዶች ደግሞ ጭራ ያለው፣ በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ስፖር አላቸው። የእንቁራሪትን ቆዳ የሚያጠቃው ካይትሪድ በኢትዮጵያ ደጋዎችም ስለተገኘ፣ ከወንዝ ወደ ወንዝ የሚሻገር ተመራማሪ ጫማውን አጥቦ ያደርቃል።

አብዛኛው እንጉዳይ ባሲዲዮማይኮታ ነው። ከእሱ ጋር በመልክ ፈጽሞ የማይገናኘው የስንዴ ዋግም የዚሁ ምድብ ነው።

የባሌ ገበሬ ዋግን በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገሪቱን ስንዴ ክፉኛ ጎዳ፤ ብዙዎችም ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዝርያ ዞሩ። በ2013 መጨረሻ አዲስ የግንድ ዋግ ዓይነት መጥቶ ያንኑ ዲገሉን በባሌና በአርሲ መታው። ሁለቱ ዋጎች ምድባቸው አንድ ነው፤ ስንዴው ግን አንዱን ችሎ በሌላው ወደቀ። ለዚህ ነው ጥሩ ለዪ ምድቡን ካወቀ በኋላም ሥራው የማያልቀው።

ከሪራ በታች፣ በሐረና ጫካ ቡና ውስጥ፣ የፈንገሶቹ ልዩነት የዛፉን ዕድል ይወስናል። የቡና ቅጠል ዋግ ባሲዲዮማይኮታ ሲሆን ከቅጠሉ ሥር ብርቱካናማ ዱቄት ያወጣል፤ ዱቄቱን ነፋስና ዝናብ ይበትኑታል፤ ቅጠሉ የረገፈው ዛፍ ብዙ ጊዜ መልሶ ያቆጠቁጣል። ቡናን የሚያጠወልገው አስኮማይኮታ ግን በቁስል ገብቶ የውሃ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ዛፉን ይገድላል፤ በቆንጨራም ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሻገራል። በዚህ የተያዘ ዛፍ ተነቅሎ መቃጠል አለበት።

እንግዲህ የሐረና ቡና ባለቤት ዛፉ ቅጠሉን ሲያራግፍበት ቆንጨራ ከማንሳቱ በፊት ቅጠሉን ገልብጦ ይመልከት። ብርቱካናማውን ዱቄት ካላገኘና ዛፉ እየደረቀ ከሄደ የግብርና ባለሙያ ይጥራ፤ የታመመ ዛፍ የነካ ቆንጨራም ሳይጸዳ ጤነኛውን አይንካ።