«መደበኛ ያልሆነ» የተባለው ዘር

ስለ ኢትዮጵያ ድንች የሚጻፉትን የምርምር ጽሑፎች ለሚከታተል አንባቢ አንድ አኃዝ እንግዳ አይሆንበትም። አዳነ ሂርጳና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ሰፊ ዳሰሳ፣ በአገሪቱ ከሚተከለው የዘር ድንች 98.7 ከመቶው «መደበኛ ባልሆነ» መንገድ፣ ማለትም ከገበሬው ጎተራ፣ ከጎረቤትና ከገበያ የሚገኝ መሆኑን ገልጸዋል። ዳሰሳው በጥንቃቄ የተሠራ ነው፤ የዘር አቅርቦቱ መንገዶች ሁሉ ጎን ለጎን እንዲሻሻሉም ይመክራል። ቅሬታችን አኃዙን እየጠቀሱ ከሚጽፉት ጋር ነው። እነዚህ ጸሐፊዎች ቁጥሩን የሚያነሡት «የተሻሻለ ዘር ለገበሬው አልደረሰም» ለማለት ብቻ ነው። የአገሪቱን የድንች ማሳ ከሞላ ጎደል የሚሸፍነውን ዘር በጎደለው ነገር ሰይመው ያልፉታል፤ በውስጡ ምን እንደሚካሄድ አይጠይቁም።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ድንች በአብዛኛው እንደ ጤፍ በፍሬ አይዘራም፤ የሚተከለው ድንቹ ራሱ ነው፤ ለአንድ ሄክታርም 20 ኩንታል ያህል ይፈጃል። ስለዚህ በእናቲቱ ተክል ላይ የነበረው በሽታ አብሮ ይተከላል። ገበሬው ትልልቁን ድንች ወደ ገበያ ያወጣል፤ ገበያ የማያነሣውን ደቃቁን ለዘር ያስቀራል። ላጣ ሰው ትክክለኛ ስሌት ነው። ነገር ግን ክሽክሽ በሚያስተላልፋቸው ቫይረሶች የተለከፈ ተክል የሚያፈራው አብዛኛውን ጊዜ ደቃቅ ድንች ስለሆነ፣ ገበሬው ሳያውቀው ጤነኛውን ሸጦ በሽተኛውን ለከርሞ ያስቀምጣል። ምርቱ ከዓመት ዓመት ሲመነምን «መሬቱ ደከመ» ይባላል። የደከመው ግን ብዙ ጊዜ ዘሩ ነው።

መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ተክሉ ገና ለምለም ሳለ፣ በአበባ ወቅት ገደማ፣ ጤነኛውን እየለዩ በችካል ምልክት ማድረግና የእነዚያን ምርት ለይቶ ለዘር መቆፈር ነው። በኬንያ ገበሬዎች ይህን ሲሞክሩ ምርታቸው ሲሶ ያህል መጨመሩን እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በእኛ በኩል ግን የጽሑፎቹ ዓይን በአዳዲስ ዝርያዎች ላይ ነው። ሆለታ ያወጣቸው ዝርያዎች፣ ለምሳሌ በ2009 እ.ኤ.አ. የተለቀቀው በለጠ፣ የድንች ዋግን ለመቋቋም ታስበው የተመረጡ ናቸው፤ ውለታቸውን አንክድም። ይሁንና ዋግን የሚቋቋም ዝርያ ሁሉ ቫይረስን ይቋቋማል ማለት አይደለም፤ በዚያው ልማድ ለዘር ከተያዘ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደ አሮጌው ይደክማል።

ይህን ስንል በስደት ያለን ጸሐፊዎች የምንወደውን «ገበሬው ሁሉን ያውቃል» የሚለውን መዝሙር መዘመራችን አይደለም። አጠውላጊው የባክቴሪያ በሽታ በዓይን መረጣ አይያዝም። በቀዝቃዛው ደጋ ምልክት ሳያሳይ በድንቹ ውስጥ ይኖራል፤ ዘሩ ወደ ሞቃት ስፍራ ሲወርድ ተክሉ ያለ ውኃ እጦት ይጠወልጋል፣ አፈሩም ይበከላል፤ በኬሚካል የሚድንም አይደለም። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ባለፉት ዓመታት የተደረጉ ምርመራዎች በሽታውን ለዘር ተብሎ በሚባዛ ድንች ውስጥም ተደብቆ ማግኘታቸው ነው። እንግዲህ «መደበኛው» ከ«መደበኛ ያልሆነው» የሚለይበት ድንበር ወዴት ነው? ባክቴሪያው አያውቀውም።

እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዘር አዋጅ ቁጥር 782 ገበሬዎች ከምርታቸው ያስቀሩትን ዘር እርስ በርስ እንዲለዋወጡና እንዲሸጡ ከቁጥጥሩ ነፃ አድርጓቸው ነበር። ተገቢ ነው እንላለን፤ በድሃ ገበሬ ጎተራ ላይ ተቆጣጣሪ መላክ ደግ አያመጣም። ዳሩ ግን ከቁጥጥር ነፃ የተደረገው ዘር ከምክርና ከምርመራም ነፃ ሆኖ ቀረ። የሚቀጥለው ዳሰሳ ስንት ከመቶው «መደበኛ» እንደሆነ ከመቁጠሩ በፊት፣ ገበሬው ዘሩን ከቆመ ተክል ነው ወይስ ከተቆፈረ ክምር የሚመርጠው ብሎ ቢጠይቅ እንመርጣለን።