የሸክላ ስም በፋይል ዘመን፦ የዲጄ ሙያ ከሸክላ ወደ ዲጂታል ሶፍትዌር ባደረገው ሽግግር ላይ የቀረበ ሥነ ልሳናዊ ሂስ

ስለ ዲጄ ሙያ የሚጻፈው ከሞላ ጎደል በአንድ ክርክር ዙሪያ የሚሽከረከር ነው። አንደኛው ወገን ዲጄው ሸክላውን ትቶ ላፕቶፕ ሲከፍት የእጁን ጥበብ አጥቷል ይላል፤ ሌላው ወገን የተለወጠው መሣሪያው ብቻ ነው ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ሙያውን የሚመዝኑት በእጅና በጆሮ ነው። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ቋንቋው ነው። ክርክሩ በተወለደበት አገርና በእኛ ቀጠና የሙዚቃ ታሪክ መካከል ያለውን ልዩነት ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ፤ በሽግግሩ የጠፋው ዋና ነገርም ተከራካሪዎቹ ከሚጠቅሷቸው ውስጥ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ዘፈን የሌለበት ሸክላ

ክርክሩ የመነጨው ከኒው ዮርክ ነው። በ1973 በብሮንክስ ዲጄ ኩል ኸርክ የአንድን ዘፈን ሁለት ቅጂዎች በሁለት ማጫወቻዎች ላይ እያፈራረቀ፣ ከበሮው ጎልቶ የሚሰማበትን አጭር ክፍል ማራዘም ያዘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሸክላውን በእጅ ወደፊትና ወደኋላ እየገፉ ድምፅ ማውጣት፣ ማለትም ስክራች፣ ተጨመረ። በ1972 ገበያ ላይ የዋለው የቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ማጫወቻም፣ በተለይ የ1979ኙ ሞዴል፣ የሙያው መደበኛ መሣሪያ ሆነ። ቀጥሎ በ2001 የፓዮኒር ሲዲጄ-1000፣ በ2004 ደግሞ የኒው ዚላንዱ ሴራቶ ስክራች ላይቭ መጡ።

በሴራቶና በመሰሎቹ ሥርዓት ዲጄው ሸክላ መንካቱን አልተወም። ነገር ግን በሸክላው ላይ ዘፈን የለም፤ ያለው ምልክት ሰጪ ድምፅ ብቻ ነው። መርፌው ያንን ምልክት ያነብባል፤ ሶፍትዌሩ የዙረቱን ፍጥነትና አቅጣጫ ከምልክቱ አውጥቶ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ፋይል በዚያው ልክ ያንቀሳቅሳል። ለሥነ ልሳን ተመራማሪ ይህ እንግዳ ሂደት አይደለም። «ይመጣል» በሚለው ግሥ መጨረሻ ላይ የተጣበቀው «አለ» የመኖር ፍቺውን ለቅቆ ሰዋስዋዊ ተግባር ብቻ እንደቀረለት ሁሉ፣ ይህም ሸክላ ይዘቱን ለቅቆ ተግባሩን ብቻ ይዞ ቀርቷል። የሶፍትዌሩ ቃላትም እንዲሁ ናቸው፤ የዘፈኖች ዝርዝር «ክሬት»፣ ማለትም የሸክላ ሳጥን፣ ይባላል፤ በመስኮቱም ላይ ክብ ሸክላ ሲዞር ይታያል።

2. ስሙ ይዋሳል፣ ግሡ ይቀራል

ዕቃው አልፎ ስሙ የመቅረቱ ነገር በቀጠናችን ቋንቋዎች ከሶፍትዌሩ በፊት የነበረ ነው። በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ስም የቀድሞዎቹን፣ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩትንና ሲወድቁ እንደ እንስራ የሚሰበሩትን ሳህኖች በሚገባ ይገልጻል፤ ነገር ግን የማይሰበረው ቪኒል ሲመጣም ስሙ አልተለወጠም። በዐረብኛ «ኡስጡዋና» ሲሊንደር ማለት ነው፤ ቃሉ ከሲሊንደሩ ወደ ጠፍጣፋው ሸክላ፣ ከዚያም ወደ ሲዲ ተሻግሯል። በስዋሂሊ «ሳንቱሪ» ሸክላ ነው፤ ዛሬ ናይሮቢ ውስጥ ወጣቶችን በኮምፒዩተር ሙዚቃ ማቀናበርንና የዲጄ ሙያን የሚያስተምረው ተቋም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

የአማርኛው ይበልጥ አስረጂ ክፍል ግን ግሦቹ ናቸው። «ቀረጸ» ድንጋይ ወይም እንጨት መጥረብን፣ ማስመርን የሚመለከት ግሥ ነው። በሸክላ ላይ ድምፅ በእውነት ይቀረጻል፣ መርፌው ቦይ ይቆፍራልና። በማግኔት ክርና በፋይል ላይ የሚቆፈር ነገር የለም፤ «ድምፅ ቀረጻ» ግን እንዳለ ነው። «ቀዳ» ውኃን ከምንጭ፣ ጠላን ከጋን መቅዳት ነው፤ ዘፈንም ከካሴት ወደ ካሴት ይቀዳል፤ «ቅጂ» የሚለውም ከዚሁ የወጣ ነው። «ጫነ» እና «አወረደ» ከአጋሰስ ጋር የኖሩ ጥንድ ግሦች ናቸው፤ ዛሬ ዘፈን ከኢንተርኔት ይወርዳል፣ በፍላሽ ላይ ይጫናል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ካሴት፣ ሲዲ፣ ፍላሽ፣ ሶፍትዌር እያለ ስሙ ይዋሳል፤ ግሡ የአገር ይሆናል። የስያሜ ሥራችን ግን ትኩረቱን ሁሉ በስሞች ላይ በማድረጉ፣ ቋንቋው በራሱ የሠራውን ይህን ትልቅ ሥራ ሳይመዘግብ ያልፋል።

ከዚህ ሕግ የሚወጡት የዲጄው የገዛ እጅ ሥራዎች ናቸው፤ ሚክስ ማድረግ፣ ስክራች ማድረግ፣ ሲንክ ማድረግ። «ፋቀ» እና «ጫረ» የሚሉ ግሦች ባሉበት ቋንቋ ለስክራች ረዳት ግሥ «አደረገ» ለምን አስፈለገ? መልሱ ከሰዋስው ይልቅ በታሪክ ውስጥ ይገኛል።

3. የእኛ ያልሆነ ሽግግር

አምኃ እሸቴ የአምኃ ሪከርድስን ሥራ የጀመረው በ1969 ነው፤ ሸክላዎቹ የሚታተሙት ውጭ አገር ነበር። በ1970ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ካሴት ገበያውን ያዘ፤ የኢትዮጵያ የሸክላ ዘመንም ተዘጋ። ስክራች ከኒው ዮርክ ወጥቶ በዓለም የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የሸክላው እጅና የስክራቹ ጥበብ በአንድ ዘመን አልተገናኙም። ጥበቡ ሲደርስ ከሲዲና ከሶፍትዌር ጋር፣ ስሙም አብሮት ተሰይሞ መጣ። «ቀረጸ» እና «ቀዳ» የአገር የሆኑት ሥራው በአገር ሰው እጅ ስላለፈ ነው፤ «ስክራች ማድረግ» ውሰት የሆነው ሥራው ተሰይሞ ስለገባ ነው።

እንግዲህ «ከሸክላ ወደ ዲጂታል» የሚለው ሐረግ የብሮንክስን ታሪክ ይገልጻል እንጂ የእኛን አይገልጽም። በእኛ ቀጠና በመካከሉ ረጅም የካሴት ዘመን አለ። በሐርጌሳ የሬድሲ የባህል ተቋም ያሰባሰበው ከ10,000 በላይ ካሴት ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። በዳሬሰላም ደግሞ የሲንጌሊ ዲጄዎች ሸክላ ሳይነኩ በላፕቶፕ ጀመሩ፤ የታዓራብን ቅንጭብ አፍጥነው በደቂቃ ከ200 ምት በላይ ያጫውታሉ። ለእነርሱ ሶፍትዌሩ የጠፋ ጥበብ ምትክ ሳይሆን የመጀመሪያው መሣሪያቸው ነው። «ዲጄው እጁን አጣ» የሚለው ወቀሳ እዚህ የሚያርፍበት የለውም።

4. በእርግጥ የጠፋው

ይህ ማለት ግን ምንም አልጠፋም ማለት አይደለም። ሸክላ የድምፅ ዕቃ ብቻ አልነበረም፤ ሰነድም ነበር። በመካከሉ በተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ የዘፈኑ ርእስ፣ የዘፋኙና የአሳታሚው ስም በፊደላችን ታትሞ ነበር። ዲጄው ሸክላውን ለማንሣት ማንበብ ነበረበት።

ኤምፒ3 ሲስፋፋ በፋይሉ ውስጥ የገባው የመጀመሪያው መለያ ለርእስ 30 የላቲን ሆሄ ብቻ ይፈቅድ ነበር። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ ቴክኒካዊው ዕንቅፋት ተወግዷል፤ ልማዱ ግን ቀርቷል። የአማርኛ ዘፈን እንደየጫኚው ፈቃድ በላቲን ይጻፋል፤ በዚያ አጻጻፍ «ጠራ» እና «ተራ» አንድ ይሆናሉ፤ ያው አንድ ርእስ ደግሞ በሌላ ፋይል ሌላ መልክ ይይዛል። ወደ ፊደላችን መመለስ ብቻውንም መፍትሔ አይሆንም። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል የ«ፀ» እና የ«ጸ»ን፣ የ«ሐ»፣ የ«ሀ» እና የ«ኀ»ን መወራረስ ብቻ ብንቆጥር በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሰው ስድስቱንም አንድ ቃል ብሎ ያነብባቸዋል፤ የሶፍትዌሩ መፈለጊያ ግን ስድስት የተለያዩ ቃላት ያደርጋቸዋል።

ጉዳቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። በዲጄው ቋት ውስጥ ተፈልጎ ያልተገኘ ዘፈን አይጫወትም፤ ሳይጫወት የቆየም ከትውልዱ ጆሮ ይወጣል። የአቀናባሪውና የግጥም ደራሲው ስም ከፋይሉ ሲጎድል ደግሞ ሥራው ባለቤት አልባ ይሆናል።

ለዚህ መድኃኒቱ የሸክላ ናፍቆት አይደለም። ሥራው በአመዛኙ የእኛ የቋንቋ አጥኚዎች ነው። አንደኛ፣ ሞክሼ ሆሄያትን በፍለጋ ጊዜ አንድ የሚያደርግ፣ የባለቤቱን አጻጻፍ ግን ሳይነካ የሚተው ሠንጠረዥ ተዘጋጅቶ በይፋ መቅረብ አለበት። ሁለተኛ፣ በሸክላና በካሴት ልጣፎች ላይ ያለው ጽሑፍ እንደ ጽሑፍ ሀብት ሊሰበሰብ ይገባዋል። ሦስተኛ፣ የሙያው ግሦች ባለሙያዎቹ በሚናገሩበት አኳኋን፣ «አደረገ»ን የተደገፉት ሳይቀሩ፣ በመዝገበ ቃላት ሊገቡ ይገባል።

የሸክላው ወዳጆች የሚከራከሩት ስለ መርፌው ነው፤ የሶፍትዌሩ ወዳጆች ስለ ፍጥነቱ። በሁለቱ መካከል ሳይጠቀስ የቀረው፣ በሸክላው እምብርት ላይ በፊደል የተጻፈው ስም ነው። እሱን ወደ ፋይሉ ለማሻገር የሚያስፈልገው ዕውቀት በእጃችን አለ።