«ፍቅር እስከ መቃብር» የብቸናና የሞጣ አገር ምስክር ሆኖ ሲመረመር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ በልብ ወለድነቱ እጅግ ተመስግኗል። የሕዝብን አኗኗር ለሚመረምር ሰው ግን መጽሐፉ ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። የታሪኩ ዋና ክፍል የሚፈጸምበት ዲማ ጊዮርጊስ በብቸና በኩል የሚገኝ እውነተኛ ደብር ስለ ሆነ፣ ድርሰቱ ለዚያ አገር ትምህርትና ኑሮ ምን ያህል የታመነ ምስክር ነው?

ስለ ትምህርት የሚሰጠው ምስክርነት የጸና ነው። ደራሲው ወደ አዲስ አበባ ሄደው ዘመናዊ ትምህርት ከመጀመራቸው በፊት በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ስለ ተማሩ፣ የቤተ ክህነትን ትምህርት የሚገልጹት ከውስጥ ሆነው ነው። በወላጆቹ ስእለት ለእግዚአብሔር የተሰጠው በዛብህ የገበሬ ልጅ ሲሆን፣ በዕውቀቱ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ገብቶ የሰብለ ወንጌል መምህር ለመሆን ይበቃል። ዕውቀት ደጁን ከፍቶለት ሳለ ለጋብቻ ግን ዘር ይከለክለዋል። የትምህርት ክብር እስከ ምን ድረስ ያደርስ እንደ ነበረ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ድርሰት በቀላሉ አይገኝም።

ጉዱ ካሣም እንዲሁ መታየት ይገባዋል። ቅኔ በከበረበት አገር ነቀፌታ በሰም ተሸፍኖ ሲነገር ይደነቃል፤ ካሣ ግን ወርቁን ያለ ሰም ስለሚናገር እንደ እብድ ይቈጠራል። ይሁን እንጂ ረጃጅም ንግግሮቹ የደራሲውን የለውጥ አሳብ የያዙ ስለ ሆኑ፣ ተማሪው የዲማ ሕዝብ ድምፅ ናቸው ብሎ እንዳይወስዳቸው ያስፈልጋል።

የመጽሐፉ ጉድለት የሚገለጠው በገበሬዎቹ ነገር ነው። በአበጀ በለው መሪነት የሚነሡት ባላገሮች የሚቃወሙት ከልማድ ያለፈውን የአንድ ጌታ ግብር ነው። መጽሐፉ በታተመ በሁለተኛው ዓመት፣ በ1960 ዓ.ም.፣ የሞጣና የብቸና ገበሬዎች አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውመው በእውነት ተነሡ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ተነሣ፤ ግብሩም በዚያ አገር ሳይጸና ቀረ። ከዚህ የተነሣ ድርሰቱን እንደ ትንቢት ለመቍጠር የሚሻ ሰው አይጠፋም። ነገር ግን ገብሩ ታረቀ እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተሙት ጥናት እንደሚታየው፣ ገበሬውን ያስነሣው ከግብሩ ክብደት ይልቅ መሬት ተለክቶ ርስት ይጠፋል የሚለው ሥጋት ነበር።

ርስት በልብ ወለዱ ውስጥ የሚገባውን ስፍራ አላገኘም። ደራሲው ዘር መቍጠርን የመሳፍንትና የመኳንንት ትዕቢት አድርገው ይነቅፉታል፤ ነቀፌታቸውም እውነት አለው። ይሁን እንጂ አለን ሆበን እ.ኤ.አ. በ1973 ስለ ደጋ ዳሞት ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ በጎጃም ዘሩን የሚቈጥር ጌታ ብቻ አልነበረም። ገበሬውም በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል እስከ ዋናው አባት ቈጥሮ መሬት ይጠይቅና ይሟገት ነበር። በፊታውራሪ መሸሻ ቤት በዛብህን የከለከለው ቈጠራ፣ በገበሬው ቤት የእርሻ ማስረጃ ነበረ ማለት ነው። የ1960 ዓ.ም. ተነሺዎች የጥንቱን ሥርዓት ለማፍረስ ሳይሆን ለመጠበቅ የቆሙበት ምክንያት በዚህ ይታወቃል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብቻውን ግን ይህን ሊያስረዳ አይችልም።

ስለዚህ መጽሐፉ ስለ ተማሪ ቤትና ስለ ጌታ አዳራሽ ሲጠየቅ የታመነ ምስክር ሲሆን፣ ስለ ገበሬው መሬት ሲጠየቅ ሌላ ምስክር ያሻዋል። የርስት ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት ዐዋጅ ስለ ቀረ፣ በርስት ሙግት ቆመው የተከራከሩ ሽማግሌዎች ቍጥር ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ሄዷል። ልብ ወለዱ ዝም ያለበትን ነገር የሚናገሩት እነርሱ ናቸውና፣ ተመራማሪው መጽሐፉን በአንድ እጁ ይዞ በብቸናና በሞጣ ቃላቸውን በጊዜው መጻፍ ይገባዋል።